ከእናቲቱ ጎን የሚቆሙት
የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኛ በር ሲያንኳኳ፣ ባሏ የሚደበድባት እናት ቀድሞ የሚመጣባት «ልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው» የሚል ስጋት ነው። ያለ ነገር አይደለም፤ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ «እናታቸው ስትመታ አይተዋል» ተብሎ ልጆች ይነጠቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኒውዮርክ ግዛት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማየታቸው ብቻውን እናቲቱን በቸልተኝነት እንደማያስጠይቅ ወሰነ።

እኔ የማደንቀው ግን ፍርዱ ወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚለፉትን፣ ከሠራተኛው ጋር እየሠሩ ለተጠቂዋ የሚሟገቱትን ባለሙያዎች ነው። «ለምን ጥላው አልሄደችም?» የሚለውን አሰልቺ ጥያቄ ያዞሩታል፤ እሱ ምን አደረገ? እሷስ ልጆቿን በምን ዘዴ ጠበቀች? ጥሎ መውጣት አንዳንዴ ከመቆየት የባሰ አደጋ እንዳለው ያውቃሉ። ቁልፍ መቀየሯ፣ ልጆቹን ጎረቤት ማሳደሯ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይወተውታሉ። ምሥጢሯንም አያወጡም፣ የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኛው ቢያኮርፍም።