ሸንተረርን «ድራሹን የሚያጠፋ» ቅባት አለ?

የቅባት ማስታወቂያዎች የሚያሳዩን «በፊት» እና «በኋላ» ፎቶ አንድ ነገር ይደብቃል፤ ጊዜን። ሸንተረር ሲጀምር ቀላ ወይም ጠቆር ይላል። ከወራት በኋላ ምንም ባትቀቡትም ይደበዝዛል፤ ምስጋናውን ግን ቅባቱ ይወስደዋል።

ሸንተረር የሚወጣው ከላይኛው ቆዳ ሥር ያሉት የኮላጅንና የኢላስቲን ክሮች ሲበጣጠሱ ነው። የካካዋ ቅቤና የወይራ ዘይት ቆዳን ያለሰልሳሉ፤ ነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ሸንተረርን ሲከላከሉ አልታዩም። ሌዘር አዲሱን ሸንተረር ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ቆዳ «ያጠራሉ» በሚባሉ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተቀባችሁት ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ሸንተረር ያወጣል! ገንዘብ ከፍሎ ችግር መግዛት ማለት ይሄ ነው።

የማስታወቂያዎቹ ትልቁ ስህተት ግን ቆዳ ላይ ያለን ምልክት ሁሉ የውበት ጉድለት ብቻ አድርገው ማቅረባቸው ነው። አንዳንዱ ምልክት የበሽታ መልእክት ነው። ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ከዘገየ ግን ነርቭን ይጎዳል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሲሆን፣ ዛሬ ሌሎች የቆዳ ሕመሞችንም ያክማል።

ሸንተረር በሽታ አይደለም፤ ቢተዉትም አይጎዳም። የደነዘዘ ቦታ ካያችሁ ግን ቅባቱን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።