ማጣሪያው አቅሙ ሲያልቅ ማን ያውቃል?

ከመጠጥ ውሃ ፍሎራይድን የሚያስቀረው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ አቅሙ ሲያልቅ ምንም ምልክት አይሰጥም። ውሃው እንደ ወትሮው ኩልል ብሎ ይወርዳል፤ አይሸትም፣ አይመርርም፣ አይደፈርስም። ፍሎራይድ በዓይንም በምላስም ስለማይታወቅ ጀሪካኗን የደቀነችው እናት የዛሬውን ውሃ ከአምናው የምትለይበት መንገድ የላትም። በስምጥ ሸለቆ ቀበሌዎች በውሃ ሥራ ስቆይ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ማጣሪያ መትከል ደስ ይላል፤ ሙያው የሚፈተነው ግን ተከላው ካለፈ፣ የመረቁት እንግዶችም ከተበተኑ በኋላ ነው።

እዚህ የምንታገለው መርዝ ከፋብሪካ ቱቦ የወጣ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ በቀረው ድንጋይና አመድ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሟሟል፤ የአካባቢው ውሃ ካልሲየም ስለሚያንሰው ደግሞ የሚይዘው አጥቶ እዚያው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊግራም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። በአገራችን ለዚህ ችግር የተጋለጠው ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ተከሳሽ የሌለበት ጉዳት ስለሆነ ካሳ የሚጠይቁት አካል የለም፤ ሸክሙ የወደቀው በውሃ ቢሮዎችና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ላይ ነው።

ተከሳሽ የለም ስል ግን ወንጂ ትዝ ይለኛል። የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምር ሠራተኛው ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌላውም አቅጣጫ እየመጣ በካምፖቹ ሰፈረ፤ የተቆፈረለትንም ውሃ ጠጣ። ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ሲያልፍ አንገታቸውን ማዞር፣ ወገባቸውን ማጠፍ የተሳናቸው ሠራተኞች ይታዩ ጀመር። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው አጥንት ውስጥ የተጠራቀመ ፍሎራይድ አከርካሪን እንደሚያደነድንና ነርቭን እንደሚጫን በወንጂ ሸዋ ሠራተኞች ላይ አጥንተው አሳይተዋል። ፍሎራይዱ የተፈጥሮ ነው፤ ጉድጓዱን ግን ተፈጥሮ አልቆፈረውም።

የአጥንት ከሰል የሚሠራው የከብት አጥንት ታጥቦና ደርቆ፣ አየር በሚያጥረው ምድጃ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ሲከስል ነው። ሙቀቱ ካነሰ አጥንቱ እንደጠቆረ ይቀራል፤ ስቡ በደንብ ስላልተቃጠለም ለውሃው መጥፎ ሽታ ይሰጠዋል። ሙቀቱ ካለፈ ደግሞ ይነጣል፤ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙም ይወርዳል። ልምድ ያለው ባለ ምድጃ ቀለሙን አይቶ ያውቃል። በጎረቤት ኬንያ የናኩሩ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ይህን ሥራ አጥብቆ ይዞ ከስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ከኤዋግ ጋር ለዓመታት አሻሽሎታል። በእኛም አገር የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት ከስዊዘርላንዱ ተራድኦ ከሄክስና ከኤዋግ ጋር ሆኖ ሞክሮታል።

ግን ምድጃው የቱንም ያህል ቢሰምር፣ ሰው ካልጠጣው ከንቱ ነው። “ልጄ፣ በሁዳዴ በአጥንት ያለፈ ውሃ እንዴት አድርጌ ነው የምጠጣው?” ያሉኝ እናት አሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ ከብቱ ታርዶ ነው ወይስ ሞቶ ብለው ጠየቁ፤ የአህያ አጥንት እንዳልተቀላቀለበትም በምን እንደሚያውቁ። ከከተማ የመጡ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ኋላ ቀርነት ሲሉት ሰምቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል። የሚጠጣው ነገር ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ መጠየቅ ልክ ነው፤ ወንጂም ላይ በጊዜው ጠያቂ ቢኖር ጥሩ ነበር። መልሱን እኔ አልሰጥም። ቄሱንም ሼኹንም አጥንቱ ወደሚሰበሰብበት ቄራና ወደ ምድጃው እወስዳቸዋለሁ፤ ያዩትን ራሳቸው ለምእመናቸው ይናገራሉ። አይሆንም ካሉም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ስሙን ከሕንዷ ናልጎንዳ ያገኘው፣ በአሉምና በኖራ የሚሠራው ዘዴ አለ፤ ግን በየቀኑ መጠን ለክቶ የሚጨምር ሰውና የአተላ መጣያ ቦታ ይፈልጋል። ፍሎራይዱ ዝቅ ካለ ምንጭ ውሃ በቧንቧ መሳብ ከተቻለ ከሁሉም ይሻላል፤ ማጣሪያ ሁልጊዜ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ከሰሉ ፍሎራይድን የሚይዝበት ቦታ የተወሰነ ነው። ወንበሩ እንደሞላ ሚኒባስ፣ ቦታው ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ሳይሳፈር ያልፋል። መቼ እንደሚሞላ የሚወስነው የጉድጓዱ ፍሎራይድ መጠንና የተጣራው ጀሪካን ብዛት ስለሆነ “ይህን ያህል ዓመት ያገለግላል” ብሎ ለሁሉም ቤት አንድ ቃል መስጠት ማሳሳት ነው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ያለበት ቤት ከወትሮው እጥፍ ይቀዳል። ያለው መፍትሔ መለካት ብቻ ነው። ናሙናው በፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ፍሎራይድ ከመስተዋት ጋር ስለሚዋሃድ በብርጭቆ አይያዝም። መለኪያው መጠኑ በታወቀ ውሃ እየተፈተሸ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩ አይታመንም። ይህን የሚሠራ ሰው ቀበሌው ውስጥ ከሌለ፣ ካለም ደመወዙ ከተቋረጠ፣ እኔ እዚያ ቀበሌ ማጣሪያ አለ ብዬ አልቆጥርም።

ለጋሾች የሚጠይቁት ስንት እንደተተከለና ስንት ሰው እንደተጠቀመ ነው። ፕሮጀክቱ ጥቂት ዓመት ይቆይና ርክክብ ይፈረማል፤ ከሰሉ ሞልቶ መለወጥ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ከፊርማው በኋላ ነው። የማጣሪያው ባልዲ ባዶ ሆኖ እህል ሲቀመጥበት ያየሁባቸው ቤቶች አሉ። እነሱ እንኳ ይሻላሉ፤ ማጣሪያ እንደሌላቸው ያውቃሉ። የሚያስፈራኝ አቅሙ ያለቀበትን ማጣሪያ አምኖ የሚጠጣው ቤት ነው። ያ ቤተሰብ ዱሮ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያው የዝናብ ውሃ ያጠራቅም ነበር፤ አቅም ሲኖረውም ከራቀው ወንዝ በአህያ ያስመጣ ነበር። ማጣሪያው ሲገባለት ይህን ሁሉ ተወ። ድጋፋችን አሮጌውን መከላከያ አስጥሎ አዲሱን ካልጠበቀለት፣ ከመጀመሪያው ባንሄድ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የማያልቅ ማስረዳት አለ። ውሃውን አፍልተውት፣ ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጨምረውበት “ታከመ” የሚሉ ብዙ ናቸው። ሁለቱም ለተቅማጥ ጀርም ጥሩ ናቸው፤ ፍሎራይዱን ግን አይነኩትም። እንዲያውም ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ ይሄዳል፤ ፍሎራይዱ ይቀራል። ለመጠጥ የተጣራውን ተጠቅሞ ሽሮውንና ሻዩን በጉድጓዱ ውሃ መሥራትም ያው ነው። ይህን በየቡናው መድገም ግድ ነው፤ ሪፖርት ላይ ስለማይታይ ግን ማንም ለዚህ ጊዜ አይሰጥም።

ማጣሪያው የሚጠቅመው አስቀድሞ ለሕፃናት ነው። ጥርስ የሚበልዘው እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ነው። ያኔ ንጹሕ ውሃ ያገኘ ልጅ በነጠላ ጫፍ አፉን ሳይሸፍን ይስቃል። አጥንቱ የደነደነ ሽማግሌ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም። እሱም ውሃውን ስለሚጠጣ በሪፖርታችን “ተጠቃሚ” ተብሎ ይቆጠራል፤ ይህን ቁጥር ስሞላ እጄ ይከብደኛል። አንድ የቀድሞ የአገዳ ሠራተኛ “ለልጅ ልጆቼ ውሃውን አስተካክላችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ለእኔ ግን ሽንት ቤት መቀመጫ ሥሩልኝ፣ ቁጢጥ ማለት አልቻልኩም” አሉኝ። ጉልበትና ዳሌ አልታጠፍ ሲል የመጀመሪያው ውርደት እዚያ ነው። ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ምርኩዝ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ነርቭ የተጫነበትን ሰው ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚያደርስ ትራንስፖርት፦ ከአንድ የመንደር ማጣሪያ ጋር ሲነጻጸር ዋጋቸው ትንሽ ነው።

ይህን በአንድ የፕሮጀክት ሐሳብ ውስጥ ባስገባው ለጋሹ “ከውሃ ዘርፍ ውጪ ነው” ብሎ ሰረዘው። አባባ መቀመጫቸውን ያገኙት በኋላ ከዕድራቸው ነው፤ አናጢው የዕድሩ አባል ስለነበር እንጨቱን ብቻ ገዝተን ሰጠነው። ሌሎችም መጥተው መቀመጫውን ለክተው ሄዱ። በአዲሱ በጀት ላይ ከከሰል መለወጫውና ከውሃ ለኪ ሠራተኛ ደመወዝ ቀጥሎ የተሰረዘውን መስመር መልሼ ጽፌዋለሁ፤ ዘንድሮ ከዕድሩ የተፈረመ ደብዳቤም አያይዤበታለሁ።