ወሰኑ ያልተጻፈ ሥራ፦ ከዴም መዝገብ እስከ ፕላዝማው ክፍል

መምህር የክፍለ ጊዜን ወሰን ያውቃል። ዛሬ የሚያስተምረውን አስቀድሞ በማስታወሻው ላይ ይጽፋል፤ የማይደርስበትንም ለነገ ያቆያል። ነገር ግን ሥራው የኮምፒዩተር ሥራ ሲሆን ይህ መልካም ልማድ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ እናያለን። «ምን እንሠራለን?» የሚለው በሰፊው ይጻፋል፤ «ምንን አንሠራም? የተውነውንስ ማን ይሸከመዋል?» የሚለው ግን ሳይጻፍ ሥራው ይጀመራል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንኑ ጉድለት ነው። ትችቱንም ከራሳችን እንጀምራለን።

ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሠፈር ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩ ነበር። እዚያ በኪራይ ቤት ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ማታ ማታ እናስተምር በነበረበት ጊዜ፥ የተማሪዎቻችንን ስምና ውጤት በአንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ለመመዝገብ ተስማማን። ዓላማው ግልጽ ነበር። ተማሪው ወደ ሀገሩ ቢመለስ ወይም ወደ ሌላ ሀገር ቢሻገር፥ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደ ተማረ የሚያስረዳ ወረቀት ይዞ እንዲሄድ ነው።

ሥራው በተጀመረ በወሩ ገንዘብ ያዣችን «ወርኀዊ ክፍያውም ይግባበት» አለ። ቀጥሎ የመጻሕፍት ውሰት ተጨመረ። ወላጆች ደግሞ ወረቀቱ በዐረብኛም እንዲታተም ጠየቁ። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነበር፤ ስለዚህም እንቢ ማለት አሳፈረን። ፕሮግራሙን በነፃ ይሠራልን የነበረው ወጣት፥ አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ትናንት የሠራውን እያፈረሰ እንደገና ይጀምር ነበር። ዓመቱ አለቀ፤ መዝገቡ ግን አላለቀም። ውጤቱን እንደ ቀድሞው በደብተር ላይ በእጅ ጻፍን። በወጣቱ አልፈረድንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነበርና።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት ነጠላ ወረቀት ወስደን ለሁለት ከፈልናት። በቀኝ በኩል የሚሠራውን ጻፍን፤ ይኸውም ስም፥ ክፍል፥ ውጤት፥ ማተም። በግራ በኩል የማይሠራውን ጻፍን፤ ክፍያ፥ መጻሕፍት፥ የዐረብኛ ቅጂ። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ነገር ማሻገር የፈለገ ሰው፥ በምትኩ ምን እንደሚወጣ ወይም ስንት ሳምንት እንደሚጨመር አብሮ እንዲናገር ወሰንን። ሁላችንም ፈረምን። ሥራው በሁለት ወር አለቀ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ተማሪዎቻችን በየአቅጣጫው ተበተኑ። ያች ትንሽ መዝገብ በኪስ በምትያዝ ፍላሽ ላይ ተገልብጣ ስለ ነበር፥ ከዚያ በኋላ ላገኘናቸው ልጆች ውጤታቸውን አትመን ለመስጠት ቻልን። የመጀመሪያው ዓመት ደብተር ግን እዚያው ዴም ቀረ። በዚያ ዓመት ተምረው የሄዱ ልጆች ዛሬ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። የሥራን ወሰን አለመጻፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ለእኛ ይህን ያህል ነው።

ይህ ችግር የድሃ ትምህርት ቤት ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ የዴንቨር አውሮፕላን ጣቢያ ሲሠራ፥ መጀመሪያ ለአንድ አየር መንገድ የታሰበው የሻንጣ ማመላለሻ ለጣቢያው ሁሉ እንዲያገለግል ተደረገ። ሥራው ከተጀመረም በኋላ አየር መንገዶቹ ለውጥ መጠየቃቸውን አላቆሙም። በእ.ኤ.አ. 1993 ይከፈታል የተባለው ጣቢያ 16 ወር ዘግይቶ በየካቲት 1995 ተከፈተ። ማመላለሻውም በ2005 ጨርሶ ተተወ። ገንዘብና መሐንዲስ አልጠፋም፤ የጠፋው «እዚህ ላይ ይብቃ» የሚል ሰው ነበር።

እስካሁን ያነሣነው ወሰኑ ስለ ሰፋ ሥራ ነው። ወሰኑ ያላግባብ ሲጠብስ? ለዚህ ምሳሌ የሚሆነንን ከዴም ተማሪዎቻችን ሰማን። አንዳንዶቹ ሀገር ቤት ሳሉ በፕላዝማ የተማሩ ነበሩና።

ብዙዎቻችን እንደምናስታውሰው፥ በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ነበር። በጎ ጎኑን መካድ አይገባም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪን ሙከራ በዓይኑ አየ። የገጠሩና የከተማው ተማሪም አንድ ዓይነት ትምህርት አገኘ።

ሆኖም የሥራው ወሰን የተሰመረው ትምህርቱን ከሳተላይት እስከ መስተዋቱ ለማድረስ ነበር ብለን እናምናለን። ከመስተዋቱ እስከ ተማሪው ያለው መንገድ ከወሰኑ ውጭ ቀረ። የመስተዋቱ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፤ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እንግሊዝኛው የፈጠነበት ተማሪ «ይድገሙልን» ብሎ የሚለምነው ሰው የለውም። የክፍሉ መምህር የተተወለት በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ያመለጠው ትምህርት ቆሞ አይጠብቅም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ትርጉሙን ያገኛል፤ መጠምጠሚያው መስተዋቱ ነበርና።

እንግዲህ ወሰን መስመር ስለ ተሰመረ ብቻ ደኅና ነው አይባልም። አስማሪው ማን ነው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። እኛ በዴም የጠየቀንን ሁሉ እያስገባን ሥራችንን አሰመጥን። በፕላዝማው ሥራ ደግሞ በየዕለቱ ክፍል የሚገባው መምህር ከመስመሩ ውጭ ቀረ። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ጉድለት ነው፤ ሥራው የሚነካቸው ሰዎች በአንድ ወረቀት ዙሪያ ተቀምጠው «ይህ ይሠራል፥ ይህ አይሠራም፥ ያልተሠራውን እገሌ ይይዘዋል» ብለው አልተስማሙም።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቻችን የምናሳስበው ይህን ነው። ትምህርት ቤታችሁ የውጤት መዝገብም ይሁን ሌላ የኮምፒዩተር ሥራ ሲያቅድ፥ ስለ መሣሪያው ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀቷን ጠይቁ። የግራው ገጽ ባዶ ከሆነ ገና አልታሰበበትም ማለት ነው። ስማችሁ ከሁለቱም ገጽ ከታጣ ደግሞ ሥራው ያለ እናንተ ታስቧል፤ ሸክሙ ግን ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም።

እናንተም ተማሪዎች ነገ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ «ይህንንም ጨምርበት» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። በትሕትና ወረቀቷን አውጥታችሁ «በምትኩ ምን እናውጣ?» በሉት። እኛ ይህን ጥያቄ የተማርነው አንድ ዓመት ዘግይተን ነው።