የቤት ውስጥ ትምህርትና የወላጅ አስተያየት፤ በስልክ የተጠየቀው ጥያቄና የላስታ ደጋ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን በመላ አገሪቱ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚህም ምክንያት ከ26 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች ክፍላቸውን ትተው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ትምህርት ቤቶቹ በየደረጃው መከፈት የጀመሩት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ በመሆኑ፣ ሰባት ወር ለሚሆን ጊዜ የማስተማሩ ኃላፊነት ከመምህሩ ወደ ወላጁ እንደ ተላለፈ ተደርጎ ተቆጠረ።

ከዚያ ወዲህ ወላጆች ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት ያላቸውን ልምድና አስተያየት የሚመረምሩ ጥናቶች ወጥተዋል። ጥናቶቹ በችግር ጊዜ በፍጥነት መረጃ ያቀረቡ በመሆናቸው ጥቅማቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ወላጁን የተመለከቱበት መንገድ ጉድለት ያለበት መሆኑ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል፤ ይህም ሲባል ጉድለቱ የአኃዝ ሳይሆን የጥያቄው አነሣሥ ነው። ለዚህ ሂስ ማገናዘቢያ የሚሆነው ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሰንሰለት ላይ በሚገኘው በአሸተን ማርያም ዙሪያ የሚኖረው የላስታ ደገኛ ኑሮ ነው። በዚህ ስፍራ ቤት ምን ዓይነት የትምህርት ቦታ ሊሆን እንደሚችልና እንደማይችል በግልጽ ይታያል።

ሀ. የተጠየቀው ማን ነው?

በዘመኑ በስፋት ከተጠቀሱት መረጃዎች አንዱ የዓለም ባንክ ከሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው በስልክ ያካሄደው የቤተሰብ ጥናት ነው። የጥናቱ ናሙና የተወሰደው ቀደም ሲል በተደረገው አገር አቀፍ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ጊዜ የስልክ ቁጥር ካስመዘገቡት ቤተሰቦች ነው። በዚያ ጥናት መሠረት ስልክ ያለው የከተማ ቤተሰብ ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን፣ በገጠር ግን 40 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። አዘጋጆቹ ይህን አልሸሸጉም፤ ጉድለቱንም በስሌት ለማቃናት ሞክረዋል። ነገር ግን ስልክ ያለው ገጠሬ ስልክ ለሌለው ጎረቤቱ ምን ያህል ሊናገርለት ይችላል የሚለው ጥያቄ በስሌት ብቻ የሚመለስ አይደለም።

አሸተን ማርያም ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከላሊበላ ከተማ ወደ እርሷ የሚወጣው ሰው አቀበቱን በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል። በከተማው የሚኖረው ወላጅና በአቀበቱ ላይ ያለው ገበሬ በአስተዳደር መዝገብ ጎረቤታሞች ቢሆኑም፣ የትምህርት ቤቱ መዘጋት የደረሰባቸው በተለያየ መልክ ነው። ለከተማው ሰው ትምህርት ቤቱ የተዘጋው የጎብኚ እግር በተቋረጠበት፣ አስጎብኚውም፣ በቅሎ አከራዩም፣ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛውም ገቢ ባጣበት ወራት ነው። ለገበሬው ደግሞ የበልግ እርሻ በተጀመረበት ወራት ነው። ሁለቱን በአንድ ዓምድ «የሰሜን ወሎ ወላጅ» ብሎ መደመር ሁለቱንም አለማየት ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ስልኩን አንሥቶ የሚመልሰው በአብዛኛው የቤቱ ኃላፊ ነው። ልጅቱ ውኃ ስትቀዳ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀባት፣ ማታ ደብተሯን ገለጥ አድርጋ እንደ ሆነ ወይም ሳትገልጥ እንደ ተኛች የምታውቀው ግን እናት ናት። የወላጅ አስተያየት ተብሎ የቀረበው የአባት አስተያየት የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይመስልም።

ለ. የተጠየቀው ምንድን ነው?

የትምህርት ሚኒስቴር በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ያዘጋጀው የዝግጁነትና የምላሽ ዕቅድ፣ ለአንደኛ ደረጃ በራዲዮ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት እንዲሰጥ አመልክቷል። የጥናቶቹም መጠይቅ ይህንኑ ተከትሎ ልጁ በራዲዮ ተምሯል ወይ፣ ቴሌቪዥን ተመልክቷል ወይ፣ ከመምህሩ ጋር ተገናኝቷል ወይ፣ ወላጅስ ረድቶታል ወይ በማለት ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር መጠይቁ የመረመረው ዕቅዱ በቤቱ ውስጥ መድረሱንና አለመድረሱን ነው። ዕቅዱ ያልደረሰበት ቤት «ምንም ትምህርት ያልተካሄደበት» ሆኖ ይመዘገባል።

የራዲዮ ትምህርት በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ ያለው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የተዘጋጀው ለክፍል እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። መምህሩ በመምሪያው እየተመራ ተማሪዎቹን ከሥርጭቱ በፊት ያዘጋጃል፤ በሥርጭቱ ጊዜ ይቆጣጠራል፤ ከሥርጭቱም በኋላ ጥያቄ እየጠየቀ ያጠናክራል። ራዲዮው የመምህሩ ረዳት እንጂ ምትክ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የተደረገው ግን መምህሩን ከመካከል አውጥቶ ወላጁን በቦታው ማስቀመጥ ነው። ወላጁ ለዚህ ምን ያህል ዝግጁ ነበር ቢባል፣ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው በአገር አቀፍ ደረጃ ማንበብ የሚችሉት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 42 በመቶ፣ ከወንዶች 69 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት ከሴቶቹ 74 በመቶ ያህሉ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ጋዜጣ የማያነቡ፣ ራዲዮ የማይሰሙና ቴሌቪዥን የማያዩ ነበሩ። እነዚህ አኃዞች ዕቅዱ ሲነደፍ በእጅ ላይ የነበሩ ናቸው።

ፖሊን ሮዝና ጣሰው ወልደሃና ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ሕፃናት ወላጆችን በስልክ ጠይቀው በ2013 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ጥናቱ ድኻና ያልተማሩ ወላጆች ልጆች ከሌሎቹ ጋር ያላቸው ልዩነት በመዘጋቱ ዘመን ሊሰፋ መቻሉን አሳይቷል። ድምዳሜው ትክክል ነው። የሚቀረው ነገር ቢኖር ያልተማረው ወላጅ በጎደለው ነገር ብቻ መታወቁ ነው፤ መጽሐፍ የለውም፣ ራዲዮ የለውም፣ ማንበብ አይችልም ይባላል። ያለውና የሚያደርገው ነገር ግን በመጠይቁ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

ሐ. ያልተጠየቀው

በመጀመሪያ ያልተጠየቀው ጉዳይ የጊዜ ጉዳይ ነው። ከመጋቢት እስከ መስከረም ያለው ወቅት በላስታ ደጋ የበልግ ሥራ፣ የክረምት እርሻ፣ የዘርና የአረም ወቅት ነው። ትምህርት ቤት ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ወላጅ ልጁን ለግማሽ ቀን ከሥራ ያሰናብታል። ይህ ስንብት ደገኛው ለልጁ ትምህርት የሚከፍለው ዋነኛ ዋጋ ነው። ደወሉ ሲቀር ስንብቱም ቀረ። ልጁን ለከብት ጥበቃ መላክ አስቀድሞ ነውር ባይሆንም እንኳ «ዛሬ ትምህርት አለ» በሚል ምክንያት ይገደብ ነበር፤ ምክንያቱ ሲጠፋ ገደቡም አብሮ ጠፋ። ስለሆነም ወላጅን «ልጅህን ረድተኸዋል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በቀን ስንት ሰዓት ልታሰናብተው ቻልህ? ይህስ ከወር ወር እንዴት ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ፍሬ ይሰጥ ነበር።

ለምሳሌ ያህል ማንበብ የማትችል፣ ሦስት ልጆች ያሏት አንዲት የአሸተን ግርጌ እናት ትታሰብ። የመጀመሪያዪቱ ልጅ ሰባተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው አራተኛ፣ ትንሹ አንደኛ ክፍል ናቸው። በመጠይቁ መሠረት ይህች እናት «አልረዳሁም» ከማለት በቀር መልስ የላትም። ነገር ግን ታላቂቱን ከእንጨት ለቀማ አስቀርታ ለታናሽዋ ፊደል እንድታስቆጥር ብታደርግ፣ የራሷን ድካም በእጥፍ ጨምራ አንድ መምህር ለቤቷ አቆመች ማለት ነው። ይህ ሥራ ግን የሚመዘገብበት ሣጥን በመጠይቁ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ያልተጠየቀ ጉዳይ ወላጅ የልጁን ዕውቀት በምን እንደሚያውቅ ነው። በዚህ ረገድ የላስታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው አንድ አሠራር አለ፤ ይኸውም የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ነው። ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት እስከ መድገም ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ስም ያለውና በጆሮ የሚሰማ ነው። ማንበብ የማይችል አባት እንኳ ልጁ ዳዊት መድገሙን በቃሉ ፍሰት ያውቃል፤ ጎረቤትም ይሰማል፤ ቤተሰቡም እንደ አቅሙ ደግሶ ደስታውን ይገልጻል። በዚህ አሠራር ወላጁ አስተማሪ ባይሆንም ምስክር ነው።

ይህ ሲባል የአብነት ትምህርት የዘመናዊውን ትምህርት ይተካል ማለት አይደለም። በአብዛኛው ለወንዶች ልጆች የተከፈተ በመሆኑ ሴቶችን ወደ ዳር ያወጣል፤ ሒሳብንና ሳይንስንም አያስተምርም። ትምህርት የሚወሰደው ከአንድ ጠባዩ ብቻ ነው፤ ላልተማረው ወላጅ ውጤቱን በሚገባው መንገድ ይነግረዋል። በ2012 ዓ.ም. የተሰጠው የራዲዮ ትምህርት ይህን አላደረገም። ልጁ አዳምጦ ምን ማወቅ እንደሚገባው ለወላጁ የገለጸ አልነበረም። በመጨረሻም ከብሔራዊ ፈተና ክፍሎች በቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል ሲዘዋወሩ፣ ወላጁ ልጁ ያወቀውንም ያላወቀውንም ሳይለይ «አለፈ» የሚለውን ቃል ብቻ ተቀበለ። ወላጁ አስተያየት የለውም ከተባለ፣ ማስረጃውን የነፈገው ሥርዓቱ ነው።

መ. ስልኩ ሲዘጋ

ከላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች ክብደታቸው የሚታወቀው ቀጥሎ በመጣው ጊዜ ነው። ጦርነቱ ወደ ላስታ ሲዘልቅ ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። በእነዚያ ወራት መብራትና ስልክ ተቋርጠው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ያ ጦርነት ካበቃ በኋላም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀስቅሶ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዳግም ለመዘጋት ተገደዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ በወረርሽኙ ጊዜ ወላጅን ለመጠየቅ ያገለገለው መሣሪያ በጦርነቱ ጊዜ ፈጽሞ ዝም ማለቱ ነው። ራዲዮና ስልክ ባሉበት ጊዜ የተሰበሰበው አስተያየት ሁለቱም በሌሉበት ጊዜ ለሚያስፈልገው ዕቅድ መሠረት ሊሆን አይችልም። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረ የላስታ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ዘመኑን ያሳለፈው በተደጋጋሚ መቋረጥ ነው። ወላጁም ስለዚህ ነገር የሚናገረው ብዙ አለው፤ የሚጠይቀው ግን ቤቱ ድረስ የሚመጣ ሰው ነው።

መደምደሚያ

በአጠቃላይ ሲታይ፣ ጥናቶቹ ወላጁን የመምህር ምትክ አድርገው በመውሰዳቸው ብዙውን የደጋ ወላጅ ወድቆ የተገኘ አድርገው መዝግበዋል። ትክክለኛው አመለካከት ወላጁ ለትምህርት ጊዜ የሚሰጥና ለውጤቱ ምስክር የሚሆን ባለድርሻ መሆኑን መቀበል ነው። ከዚህ በመነሣት ወደፊት በሚደረጉ ጥናቶችና ዕቅዶች የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰቡ ይገባል።

1ኛ/ መጠይቁ እናትንና አባትን ለየብቻ ይጠይቅ፤ የስልክ ናሙናም ሁኔታው በፈቀደ ቁጥር በአካል በሚደረግ ጥያቄ ይደገፍ።

2ኛ/ ስለ መሣሪያ ከመጠየቁ በፊት ስለ ልጁ የሥራ ሰዓትና በቤቱ ወይም በመንደሩ ማን ማንበብ እንደሚችል ይጠይቅ።

3ኛ/ ለመዘጋት ጊዜ የሚዘጋጅ ትምህርት በሥርጭት ብቻ ሳይወሰን፣ ታላቅ ለታናሽ ሊያነበው በሚችል የታተመ ጽሑፍ ይቅረብ፤ በየምዕራፉም መጨረሻ ልጁ ጮኾ አንብቦና አስልቶ ለወላጁ የሚያሰማው አጭር ክፍል ይኑር።

4ኛ/ ትምህርት ቤት ዳግም ሲከፈት፣ ልጁ የት ላይ እንደ ደረሰ መምህሩ ለወላጅ በቃል ያስረዳ፤ ክፍል መዛወር የዚህ ማስረጃ ምትክ አይሁን።

እነዚህ ነጥቦች ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጥያቄ አቅራቢው አቀበቱን ወጥቶ ማንበብ የማትችለውን እናት «ምን ጎደለሽ?» ከማለቱ በፊት «ልጅሽ ምን ሲያነብ ሰማሽ?» እንዲላት ነው።