ለወይራ ስድስት ሳጥን ይበቃዋል?

የወተት ዕቃ የሚታጠንበትን ወይራ ቅጠሉን ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጀርባው ብዙ ጊዜ ወርቃማ ቡናማ ነው። የሜዲትራኒያኑ የዘይት ወይራ ግን ጀርባው ብርማ ነው። ታዲያ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ የተለያዩ?

የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪ ፒተር ግሪን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት መልስ ሰጥተዋል፦ ዝርያው አንድ፣ ንዑስ ዝርያዎቹ ስድስት። የእኛው ወይራ «ኩስፒዳታ» የሚባለው ነው፤ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቻይና ይገኛል።

ሥራው ትልቅ ነው፤ የተበታተኑ የድሮ ስሞችን ሥርዓት አስይዟል። ድክመቱ ግን በዋናነት የቆመው በመልክና በመገኛ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ቅጠል ደግሞ ያሳስታል። ድርቅም፣ ጥላም፣ ፍየልም መጠኑን ይቀይሩታል።

እኔ የምህንድስና ሰው ነኝ፤ እኛ ጋ አንድ ሴንሰር ብቻ አይታመንም። ሁለት ብትገጥሙም፣ ሁለቱም እዚያው ምድጃ አጠገብ ከሆኑ አብረው ይሳሳታሉ። የቅጠል ርዝመትና ስፋትም እንደዚያው ናቸው፤ ሁለት ምስክር ይመስላሉ እንጂ የሚነግሩን አንድ ነገር ሊሆን ይችላል።

በ2008 ጊዮም ቤናርና ባልደረቦቻቸው የተለየ ምስክር ጠሩ፦ በህዋስ ውስጥ ያለውን የዲኤንኤ መጠን ለኩ። የተለመደው ወይራ ሁለት የክሮሞዞም ስብስብ አለው፤ በድምሩ 46። የማዴይራ ደሴቱ ግን አራት ስብስብ፣ የደቡብ ምዕራብ ሞሮኮው ስድስት ሆኖ ተገኘ። ይሄን በቅጠል ማን ያየዋል? የስብስብ ቁጥር ሲለያይ ደግሞ ተዳቅሎ ፍሬያማ ዘር መተካት ይከብዳል። እናም ስድስቱ ሳጥኖች እኩል አይደሉም ማለት ነው።

«እንግዲያው ዲኤንኤ ብቻ ይበቃል» እንዳትሉ ግን። ወይራ ክሎሮፕላስቱን የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ እሱን ብቻ ካነበባችሁ በአባት በኩል የመጣው ታሪክ ያመልጣችኋል።

ምን ያስጨንቃል ትሉ ይሆናል። ዕፅዋት የሚቆጠሩትና ጥበቃ የሚደረግላቸው በስማቸው ነው። የሞሮኮው ወይራ ያለው በጠባብ ተራራማ አካባቢ ብቻ ነው። «ወይራማ ሞልቷል!» ብለን ካለፍነው፣ ማንም ልብ ሳይለው ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ የግሪንን ምድብ አልጥለውም። ግን ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ዓምድ ቢጨመር ደስ ይለኛል፦ መልክ፣ መገኛ፣ የክሮሞዞም ቁጥር፣ ዲኤንኤ፤ የትኞቹ ተስማሙ፣ የትኞቹ አልተስማሙም? እናንተም የዕፅዋት ምድብ ስታነቡ መጀመሪያ ይህንኑ ጠይቁ።