መቋሚያ ማቀበል

የእሑድ ቅዳሴ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የሚጸለየውም ቆሞ ነው። ወደ መጨረሻው ወጣቱም ቢሆን እግሩን መቀያየሩ አይቀርም። የእኔ ዐይን ያን ጊዜ መቋሚያዎቹ ላይ ያርፋል። አንዲት እናት ወገባቸውን ያዝ ሲያደርጉ፣ አጠገባቸው የቆመው ጎረምሳ የተደገፈበትን መቋሚያ ቃል ሳይተነፍስ ያቀብላቸዋል። እሳቸውም በዐይናቸው ይመርቁታል። ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ ሲያውጅም፣ ከግድግዳው ሥር አረፍ ያሉትን አዛውንት ክንዳቸውን ደግፎ የሚያስነሣ አይጠፋም።

የቁርባኑ ሰዓት ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ከምእመናን ሕፃናት ስለሚቀድሙ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለውና ታቅፈው ወደ ፊት ይተማሉ። ሁለት ልጆች ይዛ ለመጣች እናት የማታውቃት ሴት አንደኛውን ታቅፍላታለች፤ ከትከሻዋ የተንሸራተተውን ነጠላ ደግሞ ሌላዋ ከኋላ ታስተካክልላታለች። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ የሚል የለም። ይህን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ተጠጥቶ ሕዝቡ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ከተደረደረው ጫማ መሐል የአዛውንቱን ፈልጋ እግራቸው ሥር የምታኖር ልጅም አለች።

በመጪው እሑድ መቋሚያ ይዘው ከቆሙ፣ እባክዎ አንዴ ወደ ጎንዎ ይመልከቱ።