ወንዙን የለካው መጽሐፍና ወንዙን የሚሻገረው ሕዝብ
ስለ ቺዝማን «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» የቀረበ ሒስ

ከባሕር ማዶ የመጡ መንገደኞች ስለ ዓባይ የጻፏቸው መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል የሕዝቦችን ኑሮ የሚመረምር ተማሪ ደጋግሞ ሊያነበው የሚገባው ሚስተር አር. ኢ. ቺዝማን በ1936 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» የተባለው መጽሐፍ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ደራሲው ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል ነበሩ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ እስከ ሱዳን ወሰን የሚሄድበት መንገድ በዘመኑ ካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ ተመልክቶ ስላገኙት፣ ይህን ጕድለት ለመሙላት በቅሎ ጭነው ተነሡ። መጽሐፉ የዚህ የብዙ ዓመት ድካም ፍሬ ነው።

የቺዝማን ሥራ ምን ያህል ወደ ፊት እንደ ተራመደ ለመረዳት የቀደሙትን ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሰው ምንጩን አይተዋል። ብሩስ ቀዳሚነቱን ለራሱ ለማድረግ ሲል የፓኤዝን ምስክርነት ለመቀበል እምቢ አለ። ነገር ግን የክርክሩ መነሻ ራሱ የሩቅ አገር ሰው ጥያቄ ነበር። ለግሽ ሰዎች ምንጩ የጠፋበት ጊዜ የለም፤ ጥንት አገዎች መሥዋዕት የሚያቀርቡበት፣ ዛሬም ምእመናን ለጠበል የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነው። ብሩስ ስለ አገዎቹ ሥርዐት የጻፈው፣ «አገኘሁ» እያለ ከሚመካበት ክፍል ይልቅ ለዛሬው ተመራማሪ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። ቺዝማን ጥያቄውን ከምንጩ አንሥተው ወደ ወንዙ አካሄድ ማዛወራቸው አንድ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም አካሄድም ቢሆን የካርታ ጥያቄ መሆኑ አልቀረም።

የመጽሐፉ ዋና ቁም ነገር ደራሲው ሳያስቡት የተገለጠ ይመስላል። ዓባይ በሱዳንና በግብፅ ጀልባ የሚሄድበት ጐዳና ነው፤ በኢትዮጵያ ግን በአንዳንድ ስፍራ ከሺሕ ሜትር በላይ ጠልቆ በገደል መካከል ይወርዳል። ስለዚህ ቺዝማን የወንዙን ዳር ይዘው ሊጓዙ አልቻሉም። በደጋው ጫፍ እየሄዱ፣ መውረጃ ባገኙበት ወደ ውሃው እየወረዱ፣ እንደ ገና ሽቅብ እየወጡ ነበር የሚጓዙት። በቅሎ የምትወርድበትን መንገድ ደግሞ ቀያሽ አላወጣውም። ነጋዴውና ገበሬው፣ ሸፍታውና መነኵሴው ለመሻገር ሲሉ ለብዙ ዘመን የረገጡት ዱካ ነው። የወንዙን ርዝመት ሊለካ የወጣው ሰው ወንዙን ያየው እንግዲህ ወርዱን በሚያቋርጡ ሰዎች መንገድ ነው። ካርታው የእርሳቸው ነው፤ መንገዱ ግን የሕዝቡ ነው።

ይህ ከታወቀ መጽሐፉ ያልጠየቀው ጥያቄ ይገለጣል። የዓባይ ዳር ሕዝብ ኑሮ የተመሠረተው በመሻገሪያው ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ወደ ጉድሩው አሰንዳቦ የሚመላለሱት ነጋዴዎች አሞሌ ጨውን፣ ወርቅን፣ ዝባድንና ቡናን፣ እንዲሁም በግዞት የተሸጠውን ሰው፣ በዚሁ ሸለቆ ያሻግሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ንግዱም ይቆማል፤ ማዶና ማዶ ያሉ ዘመዳሞች እስኪጐድል ይጠባበቃሉ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከጢስ ዓባይ በታች እንደ ተሠራው ያሉ ጥቂት የድንጋይ ድልድዮች ከሌሉበት፣ መሻገሪያው ዋና የሚያውቅ ሰው ክንድና በአየር የተነፋ ስልቻ ነበር። የመሻገሪያው ጌታ ማን ነው? ዋናተኛው ምን ይከፈለዋል? በሁለቱ ዳር የተጣሉ ሰዎች በምን ሥርዐት ይታረቃሉ? የመጽሐፉ አደራደር የጉዞው አደራደር ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ነገር በመንገድ ሲያጋጥም ይነሣል እንጂ እንደ አንድ የኑሮ ሥርዐት አይመረመርም።

ስለ ጣና የተጻፈው ክፍል ከዚህ የተሻለ ነው። ደራሲው የሐይቁን ደሴቶችና ገዳማት በትዕግሥት እየዞሩ መዝግበዋል፤ የወፍ አጥኚ ዓይናቸውም ለዝርዝር ነገር የነቃ ነው። ስለ ወይጦዎች የሚነሣው ግን ሊሰፋ የሚገባው ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ የሚናገሩት ወይጦዎች በጉማሬ አዳኝነታቸው ይታወቁ ነበር፤ ሥጋውንም ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ከማዕዳቸው ይርቁ ነበር። ይሁን እንጂ ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ በመሥራት የታወቁት እነርሱው ናቸው። የሐይቁ ሰው እንጨቱንና እህሉን የሚያመላልሰው በዚህ ታንኳ ነው። ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ደጋግሞ መድረቅ፣ ቶሎ ቶሎም መታደስ ይፈልጋል። እጁ የተናቀ ሠሪ፣ ሥራው ግን የማይናቅ፤ የጣና ዳር ማኅበር የቆመው በዚህ ተቃርኖ ላይ ነው። ዓሣ አጥማጁንና ደብሩን በየምዕራፉ ለይቶ የሚያሳይ መጽሐፍ ይህን ትስስር አያሳይም።

ወደ ቈላው ሲወረድ አንባቢው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። በታችኛው ሸለቆ የሚኖሩት ጉሙዞች ማሽላ እየዘሩ፣ እርሻቸውንም እየለዋወጡ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ከደጋው የሚወርደው የባሪያ ፈንጋይ ዘመቻ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ አስጨንቋቸዋል። ከደጋ በመጣ አሽከርና ጠመንጃ ታጅቦ የሚወርድ እንግዳ ሲታይ መንደሩ ቢሸሽ፣ የሸሸው ከቈንስሉ ሳይሆን ከአያቶቹ ትዝታ ነው። ስለዚህ በመንገደኞች መጻሕፍት ውስጥ «ዓይን አፋር» ወይም «ተጠራጣሪ» ተብሎ የሚጻፈው ጠባይ ሁሉ እንደ ተፈጥሮ ሳይሆን እንደ ታሪክ ሊነበብ ይገባል።

ይህ ሁሉ የቺዝማንን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ጊዜው የመጽሐፉን ዋጋ ከፍ አድርጎታል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2020 ሲሆን፣ ግድቡ በመስከረም 2025 ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራው ሐይቅ በወሰኑ አቅራቢያ ያለውን የሸለቆ ክፍል ሸፍኖታል። አገሪቱ ከዚህ የምታገኘው ብርሃን ብዙ ነው። ነገር ግን ውሃው የተኛበትን መሬት ከእንግዲህ ማንም በእግሩ ወርዶ፣ የቀድሞው መንገደኛ እውነት ጽፎ እንደ ሆነ ሊያረጋግጥ አይችልም። የአንድ ሰው የጉዞ ማስታወሻ ለጠፋ መሻገሪያ ምስክር ሆኖ ይቀራል። ምስክር ደግሞ ይከበራል እንጂ ሳይጠየቅ አይታለፍም።

ለመጠየቅም የሚቻልበት ሌላ ምስክር ገና በሕይወት አለ። ይኸውም ክረምቱን በማዶ ያሳለፉ፣ ከብት በዋና ያሻገሩ፣ የየመሻገሪያውን ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ተማሪው የቺዝማንን ካርታ ይዞ ወደ እነርሱ ቢሄድ፣ በመስመሩ ላይ የጐደለውን ስም ይነግሩታል። ካርታው ለወንዙ ተሠርቷል፤ የመሻገሪያዎቹ መዝገብ ግን ገና አልተጻፈም።